ማይጨው ወይስ ቁልቋል በር? የአንድ ቤሬታ ሽጉጥ ማንነት

በሽጉጡ የላይኛው ብረት ግራ ጎን ላይ ሁለት መስመር ጽሑፍ ተመትቷል። የመጀመሪያው መስመር የፋብሪካውን ስም ቤሬታን፣ የጥይቱን ዓይነት «9 አጭር» እና የሞዴሉን ዓመት 1934ን ይዟል። ሁለተኛው በሰሜን ጣልያን ብሬሺያ አጠገብ ያለችውን የጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያን ስም በምሕጻር ካሰፈረ በኋላ 1939 ይላል፤ ከዚያ በሮማውያን አኀዝ 17 ይከተላል። ወደ ኋላ፣ ከእጀታው በላይ ባለው ጥግ፣ አንዲት ትንሽ ዘውድና ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። ዝገት ስለበላቸው በጥጥና በዘይት ቀስ ብለው ካልጠረጓቸው አይታዩም።

የሽጉጡ ባለቤት የእናቴ አጎት ነበሩ። የፎገራ ሰው ናቸው፤ በጠላት ዘመን በዱር በገደሉ ቆይተው ከድል በኋላ ወደ እርሻቸው የተመለሱ አርበኛ። በቤተሰቡ ዘንድ መሣሪያው «የማይጨው ሽጉጥ» ተብሎ ነው የሚጠራው። በሠርግም በተዝካርም ስሙ ሲነሳ እንዲህ የሚል ሰው አይጠፋም፦ ማይጨው ላይ ከአንድ የጣልያን መኮንን ወገብ ፈትተው ያመጡት ነው። ይህ አባባል ከብረቱ ማኅተምና ከጦርነቱ መዝገብ ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደሚቆም መመርመር የዚህ ጽሑፍ ሥራ ነው።

ምርመራው የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጎጃም፣ በበጌምድር፣ በወሎ፣ በሸዋና በሌላውም አገር ከጣልያን የተማረከ መሣሪያ በአደራ የሚተላለፍበት ቤት ብዙ ነው። ከመሣሪያው ጋር የሚተላለፈው ታሪክ ግን ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ ይከሳል። ቦታው ይቀራል፣ ዓመቱ ይሳሳታል፣ በመጨረሻም «አባታችን ማረኩት» የሚለው ብቻ ይተርፋል። አብዛኞቹ አርበኞች በሕይወት የሉም፤ ልጆቻቸውም በእርጅና ላይ ናቸው። ዛሬ ያልተጻፈ ነገር ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚጠየቅለት ሰው አይኖርም።

በዚህ ቤት ክርክሩን የቀሰቀሱት ቁጥሮቹ ናቸው። ከቤተሰቡ ወጣቶች አንዱ ጽሑፉን አይቶ 1939 የሚለውን እንደ እኛ አቆጣጠር ወሰደው። በ1939 ዓ.ም. ጣልያን ከአገር ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህ ሽጉጡ ከድል በኋላ በገበያ የተገዛ ነው፣ ምርኮ የተባለውም ተረት ነው ብሎ ደመደመ። ሌላው ደግሞ 1934 የሚለውን ብቻ አይቶ ሽጉጡ በ1934 ዓ.ም. ተሠራ አለ። ሁለቱም የዘነጉት አንድ ነገር ነው፦ ፋብሪካው የመታው የራሱን የአውሮፓውያን ዘመን ነው። 1934 ደግሞ ሽጉጡ የተነደፈበት የሞዴል ስም ስለሆነ፣ በ1939 የተሠራውም በ1943 የተሠራውም ያንኑ ቁጥር ይሸከማል። የተሠራበትን ዓመት የሚናገረው ከከተማው ስም ቀጥሎ ያለው ነው።

የሮማውያኑ 17 የበለጠ ይጠቅማል። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1922 ሥልጣን ከያዘ በኋላ መንግሥቱ የራሱን ዘመን መቁጠር ጀመረ፤ ዓመቱም የሚለወጠው በየጥቅምት 29 ነበር። በዚህ አቆጣጠር 17ኛው ዓመት ከጥቅምት 29 ቀን 1938 እስከ ጥቅምት 28 ቀን 1939 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ ነው። ከጎኑ 1939 ስላለ ሁለቱ ቁጥሮች የሚገናኙት ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 28 ቀን 1939 ባለው ጊዜ ነው ማለት ነው። ወደ እኛ ስንመልሰው ከታኅሣሥ 23 ቀን 1931 እስከ ጥቅምት 17 ቀን 1932 ዓ.ም. ይሆናል። ፋብሪካው ማኅተሙን በዕለቱ አልለወጠ ይሆናል ብለን ጥቂት ሳምንታት ብንለቅ እንኳ ስሌቱ ብዙም አይናወጥም።

የማይጨው ጦርነት የተደረገው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ሽጉጡ ከፋብሪካ የወጣው ከዚያ ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ማይጨው ላይ ሊማረክ አይችልም። በዚህ ነጥብ ላይ የሚያከራክር ነገር የለም፤ ብረቱ አንድን በር እንዲህ አድርጎ ይዘጋል። የተማረከበትን ስፍራ ግን ብረቱ አይናገርም።

ዘውዷና ሁለቱ ፊደላት የመሣሪያውን የመጀመሪያ ባለቤት ይጠቁማሉ። ፊደላቱ «ሬጂዮ ኤዜርቺቶ» ማለትም የንጉሣዊው ምድር ጦር ለሚለው ምሕጻር ናቸው። ለባሕር ኃይል የተሰጠ ቢሆን የባሕር ኃይሉ ፊደላትና መልሕቅ፣ ለአየር ኃይል ቢሆን የአየር ኃይሉ ፊደላትና ንስር፣ ለፖሊስ ቢሆን ሌላ ምሕጻር ይኖረው ነበር። ምልክቱ የሌለበት ሽጉጥ ለግል ገዢ ተሽጦ ሊሆን ይችላል፤ የጣልያን መኮንኖች የራሳቸውን ሽጉጥ የሚገዙበት ጊዜም ነበርና ምልክት አለመኖሩ ብቻውን ምርኮነቱን አያፈርስም። የእኛው ግን የመንግሥት ንብረት ሆኖ ለምድር ጦር የታደለ ነው። በቀኝ ጎኑ በላይኛውና በታችኛው ብረት ላይ ያለው ተራ ቁጥር አንድ ዓይነት ስለሆነ ከሁለት ሽጉጥ ተገጣጥሞ የተሠራ አይደለም። በእጀታው ልባስ ላይ ያለው የፋብሪካው ምልክትም፣ ከካዝናው ሥር ወደ ፊት የወጣው የትንሿ ጣት ማሳረፊያም በቦታቸው ናቸው።

ሞዴል 1934ን የነደፈው ቱሊዮ ማሬንጎኒ የሚባል የቤሬታ ባለሙያ ነው። ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ካዝናው 7 ጥይት የሚጎርስ፣ አሠራሩ ቀላልና ጠንካራ ነው። የሚታደለውም ለመኮንኖች፣ ለበታች ሹማምንትና መትረየስ ለሚይዙ ወታደሮች ነበር። ይህ ለታሪኩ ክብደት አለው። ጠመንጃ ከሸሸ ወይም ከወደቀ ተራ ወታደር ይገኛል፤ ሽጉጥ ግን ከጥቂት ሰዎች ወገብ ነው የሚፈታ። አርበኛውም ሽጉጥ ሲታጠቅ የሚታይበት ዓይን ሌላ ነበር። ቤተሰቡ መሣሪያውን ከታላቁ ጦርነት ስም ጋር ማያያዙ ከዚህ ክብር የመጣ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ለሌሎች ቤቶች የሚጠቅም ነገር ላንሳ። ከጣልያን የመጣ ሽጉጥ ሁሉ ቤሬታ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከሚገኙት አንዱ ሞዴል 1889 የሆነው ቦዴዮ ነው፤ 6 ጎራሽ፣ ጥይቱ በሚሽከረከር ጎተራ የሚገባ፣ አፈሙዙ 10.35 ሚሊ ሜትር። ለተራ ወታደር የተሠራው ዓይነት ምላጩ እንደ ሰንጢ ወደ ፊት የሚታጠፍ ሲሆን በዙሪያው የጣት መከለያ ቀለበት የለውም፤ ለመኮንን የተሠራው ግን ምላጩ አይታጠፍም፣ ቀለበትም አለው። በቤታቸው ቦዴዮ ያላቸው ሰዎች «ከአድዋ የመጣ ነው» ቢሉ ሐሳቡ ከመነሻው አይጣልም፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ይህን መሣሪያ ታጥቆ ነበርና። ነገር ግን ቦዴዮ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ አገልግሏል። ስለዚህ በብረቱ ላይ የተመታው የሥራ ዓመት ከ1896 እ.ኤ.አ. በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ነው ዋናው ጥያቄ። በኋላ ከሆነ አድዋን ረስቶ ወደ 1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ዘመን መምጣት ነው።

ሌላው ሞዴል 1910 ግሊሴንቲ ነው። ከግራ ጎኑ ሰፊ የጎን ሳህን በቡሎን የተያዘለት፣ አፈሙዙ ቀጠን ብሎ የወጣ ሽጉጥ ነው። ስለዚህኛው ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የራሱ ጥይት በመጠኑ ዛሬ በዓለም ሁሉ ከተለመደው 9 ሚሊ ሜትር ፓራቤለም ጋር ይመሳሰላል፤ ባሩዱ ግን ያነሰ ነው። ዘመናዊው ጥይት በግሊሴንቲ ውስጥ ይገባል፤ ሲተኮስ ግን መሣሪያው የማይችለው ኃይል ያርፍበታልና ተኳሹን ሊጎዳ ይችላል። በቤት የተገኘ ያረጀ ሽጉጥ «ይሠራ ይሆን?» ተብሎ በዘመኑ ጥይት የሚሞከር ነገር አይደለም።

ቤሬታውም ቢሆን ሲያዝ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካዝናው ስለወጣ ብቻ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ጥይት ተቀባብሎ ከነበረ አንዷ አፈሙዙ ውስጥ ትቀራለች፤ ይህ ሞዴል ደግሞ ካዝናው ወጥቶም ይተኩሳል። ማኅተም ለማንበብ የሚነሳ ሰው በመጀመሪያ መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ጠርቶ ላይኛውን ብረት ስቦ ውስጡን በዓይን ማየት አለበት። ከዚህም ሌላ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል። የአያት አደራ መሆኑ ከአዋጁ ውጭ አያደርገውም፤ መሣሪያውን አስመርምሮና አስመዝግቦ ሕጋዊ መልክ ማስያዝ ለታሪኩም ደኅንነት ነው፤ ተደብቆ የሚኖር መሣሪያ ታሪኩም ከእርሱ ጋር ይደበቃልና።

ወደ ፎገራው ሽጉጥ እንመለስ። ማይጨው ከወደቀ የቀረው ጊዜ የትኛው ነው? መነሻው 1931 ዓ.ም. መሆኑን አይተናል። መድረሻውንም ጦርነቱ ራሱ ይሰጠናል። ጣልያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ የስዊዝ ቦይ ተዘጋባት፤ በምሥራቅ አፍሪቃ ያለው ጦሯም ከአገሩ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ከጥቂት የረጅም ርቀት አውሮፕላኖች ጭነት በቀር መሣሪያ አልገባም። በዚህ ምክንያት 1942 ወይም 1943 የተመታበት ቤሬታ ይዞ «አባቴ ከጣልያን ማረከው» የሚል ሰው ካለ ታሪኩ ይቸገራል፤ በኢትዮጵያ የነበረው የመጨረሻው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ነውና። የእኛው ሽጉጥ የ1939 ስለሆነ በሰላሙ ጊዜ በመርከብ ገብቶ፣ ጦሩ እስኪፈርስ አንድ ሰው ወገብ ላይ ኖሮ፣ ከዚያ ወደ አርበኛው እጅ ለመድረስ በቂ ጊዜ ነበረው።

ከዚህ በላይ ለማጥበብ ሰውን መጠየቅ ግድ ነው። ሁለት የቤተሰብ ሽማግሌዎችን ለየብቻ፣ ማኅተሙ ስለሚለው ነገር አንድም ቃል ሳልነግር አነጋግሬያለሁ። ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ቁም ነገር አለው። ሽማግሌው አስቀድመው «ሽጉጡ የ1931 ነው» ከተባሉ ትዝታቸውን ሳያውቁት ከዓመቱ ጋር ያስማሙታል፤ ከዚያ በኋላ ምስክርነታቸው የጠያቂው ማሚቶ እንጂ የራሳቸው አይሆንም።

የአርበኛው የወንድም ልጅ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ የነገሩኝ የተለመደውን ነው፦ ማይጨው፣ መኮንን፣ ወገቡ ላይ የነበረ ሽጉጥ። ከማን ሰሙ ቢባሉ ከብዙ ሰው በማኅበር ላይ። አጎታቸው ራሳቸው ሲናገሩ ሰምተው እንደሆነ ስጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና እርሳቸው ስለ ጦርነት ብዙ የማያወሩ ሰው እንደነበሩ ነገሩኝ።

የአርበኛው ልጅ እትዬ የነገሩኝ ግን ሌላ መልክ ነበረው። ከእናታቸው የሰሙት ነው፤ ስለ ጀግንነትም አይደለም፣ ስለ ጠላ ነው። እናታቸው ለኅዳር ሚካኤል ዝክር ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ ደፍተው ባለቤታቸውን ይጠብቃሉ። በዓሉ ሲውል እርሳቸው የሉም፤ ቀኑን ሙሉ ከሩቅ የመድፍ ድምፅ ይሰማል። ጎረቤት መጥቶ ዝክሩ ተቀመሰ፤ እናት ግን እህል አልቀመሱም። ከሁለት ቀን በኋላ ባል ልብሳቸው በጭቃና በደም ተበላሽቶ፣ ከጠመንጃቸው ሌላ አንድ ሽጉጥ በቆዳ ማኅደር ታጥቀው መጡ። «ጋራው ላይ የነበረው ምሽግ ተሰበረ» አሉ። ከጋኑ ሥር የተረፈውን ጠላ ጠጥተው ተኙ። እትዬ የምሽጉን ስም አያውቁም። ዓመቱንም አልነገሩኝም።

ኅዳር 12 የታላቁ ሚካኤል በዓል ነው። ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ደግሞ የቁልቋል በር ምሽግ የወደቀበት ዕለት ነው።

ግንቦት 1933 ዓ.ም. የጣልያን ምሥራቅ አፍሪቃ እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን አምባላጌ ላይ እጁን ከሰጠ በኋላ የጣልያን ጦር ትልቁ ቅሪት በጄኔራል ጉልየልሞ ናዚ ሥር ጎንደርን ይዞ ቆየ። ከተማዋን የሚጠብቁት ዙሪያዋን ያሉ ምሽጎች ነበሩ። በስተ ሰሜን የወልክፊት ምሽግ መስከረም 1934 ላይ እጁን ሰጠ። በስተ ደቡብ ምሥራቅ ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ የዘጋው ቁልቋል በር ግን ጸና። በውስጡ ካራቢኒየሪ የሚባለው የጣልያን ወታደራዊ ፖሊስ ጦር፣ የጥቁር ሸሚዝ ሻለቃና የአገር ተወላጅ አስካሪዎች ነበሩ፤ አዛዡ ኮሎኔል አውጉስቶ ኡጎሊኒ ነበር። ኅዳር 4 ቀን የተደረገው ማጥቃት ሳይሰምር ቀረ። ኅዳር 12 ቀን በእንግሊዝ መኮንኖች የሚመራው የምሥራቅ አፍሪቃ ጦርና የኢትዮጵያ አርበኞች በአውሮፕላንና በመድፍ ታግዘው ገቡበት። ውጊያው እጅ በእጅ የተደረሰበት ብርቱ ነበር፤ ከሞቱት መኮንኖች አንዱ የካራቢኒየሪው አዛዥ ሻለቃ አልፍሬዶ ሴራንቲ ነው። ከስድስት ቀን በኋላ ጎንደር ወደቀች።

በጣልያን ታሪክ ቁልቋል በር የታወቀ ስም ነው፤ ካራቢኒየሪዎች ዕለቱን እስካሁን በየዓመቱ ያስባሉ። በእኛ በኩል ምሽጉን ለመስበር ከገቡት አርበኞች የብዙዎቹ ስም በየቤቱ ካልሆነ በቀር አይነሳም። ይህ ያስቆጨኛል። የተሸነፈው ወገን ሙታኑን በስም በስማቸው ቆጥሮ ይዟል፤ ያሸነፈው ገበሬ ግን ከሽጉጡ ሌላ ሰነድ የለውም።

የእትዬን ቃል የማምንበት ምክንያት ክብር የማይፈልግ ምስክርነት ስለሆነ ነው። አባታቸውን ከፍ ለማድረግ ቢሹ ማይጨው ይበቃቸው ነበር። እርሳቸው የያዙት የበዓሉን ስምና የእናታቸውን ጭንቀት ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ትዝታ ለማስጌጥ ምክንያት ያለው ሰው የለም። የፎገራ ሜዳም ለስፍራው ቅርብ ስለሆነ የመድፍ ድምፅ መሰማቱ፣ በሁለት ቀን ቤት መድረሱም ይገጥማል።

ይሁን እንጂ ተቃራኒውንም መመዘን ያስፈልጋል። ሚካኤል በየወሩ በ12 ይታሰባል፤ የሰኔውም ታላቅ ነው። የደብረ ታቦር የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው በሰኔ 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ፎገራ ለደብረ ታቦርም ቅርብ ነው። እትዬን ደግሜ ስጠይቃቸው ግን ጤፉ ያሸተበት፣ ዝናቡ የቆመበት ወቅት እንደነበር አስረዱኝ። ይህ ኅዳር እንጂ ሰኔ አይደለም። ሌላው መንገድ ደግሞ ሽጉጡ ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከከዳ አስካሪ የተገኘ መሆኑ ነው፤ በ1933 ዓ.ም. ከጣልያን እየከዱ መሣሪያቸውን ይዘው ወደ አርበኞች የገቡ ብዙዎች ነበሩ። ይህን ብረቱ አይከለክልም። የእትዬ ቃል ግን ሽጉጡን ከምሽጉ መሰበር ጋር በአንድ ቀን ያስራል።

ከሽጉጡ ጋር አንድ ፎቶግራፍ ተቀምጧል። አርበኛው ጥቁር ካባ ደርበው፣ ደረታቸው ላይ የአርበኝነት ሜዳልያ አድርገው ቆመዋል። በጥብጣቡ ላይ አራት ዘንባባ ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ ዘንባባ አንድ የአርበኝነት ዓመት ነው። ከካባው ሥር ብቅ ያለው ማኅደር በፊቱ የትርፍ ካዝና ኪስ አለው፤ ቤት ያለው ማኅደር አሠራሩ ይኸው ነው። ከጀርባው በእጅ የተጻፈው ዓመት 1937 ይላል፤ ይህኛው የእኛው ዓመት ነው። ወጣቱ በ1939 ተገዛ ያለው ሽጉጥ ማኅደሩ ሁለት ዓመት ቀድሞ ወገብ ላይ ይታያል ማለት ነው።

ታዲያ ማይጨው ከየት መጣ? አርበኛው በ1928 መዝመታቸውን ሁለቱም ሽማግሌዎች ይመሰክራሉ። የበጌምድር ሰው አብዛኛው በራስ ካሣ ሥር በተምቤን በኩል ነበር የተሰለፈው፤ ራስ ካሣም ከተምቤን በኋላ ወደ ማይጨው ወርደው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰልፈዋል። በሰዉ አፍ ጠቅላላው ዘመቻ «ማይጨው» ይባላል። ሰውዬው ማይጨው ዘመቱ፣ ሽጉጥ ማርከው መጡ የሚሉ ሁለት እውነቶች በስድስት ዓመት ተራርቀው ሳለ በማኅበር ወግ ላይ አንድ ሆኑ። ውሸት የተናገረ ሰው የለም።

ይህን ለጋሼ ሳስረዳቸው ማይጨው ከአጎታቸው ስም ሊነጠቅ መስሏቸው መጀመሪያ አልወደዱትም። የእትዬን ቃል ከራሳቸው ከእትዬ አፍ ሲሰሙ ግን ዝም ብለው አዳመጡ፤ ከዚያ ምሽጉ በየትኛው መንገድ በላይ እንደነበር ራሳቸው ያስረዱን ጀመር። በቤተሰቡ መዝገብ ላይ የጻፍነውም ሦስታችን ተስማምተንበት ነው፦ በ1928 ዓ.ም. ለማይጨው ዘመቻ ተሰልፈዋል፤ ቤሬታ ሞዴል 1934፣ በ1931 ወይም በ1932 ዓ.ም. የተሠራ፣ የጣልያን ምድር ጦር ንብረት የነበረ፣ በልጃቸው ምስክርነት በኅዳር ሚካኤል በምሽግ መሰበር ጊዜ የተማረከ፤ ዕለቱ ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ምሽጉም ቁልቋል በር ሳይሆን አይቀርም። ከሥሩ የሽጉጡን ተራ ቁጥር፣ የፎቶግራፉን ቅጂና የእትዬን ሙሉ ቃል አያይዘናል።